«ዛሬ ምን እንብላ?» የሚለው ጥያቄ ሲከብድ

ጅቡቲ ውስጥ ዓርብ ዕረፍት ነው፤ እሑድ ሁሉም ሰው ሥራ ይገባል። ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ ዓርብ ሥራ ነው፤ እሑድ ዕረፍት። በሁለቱ አገሮች መካከል ዕቃ ለምናስተላልፍ ትራንዚተሮች ስልክ የማይጮኽበት ቀን የለም። ዓርብ እኔ በምኖርባት በጅቡቲ ከተማ የሰፈሬ የሃያብለ መስጊዶች ለጁምዓ ሲሞሉ ከመርካቶ አስመጪው ይደውላል። እሑድ ድሬዳዋ ያለችው እናቴ ከቅዳሴ ተመልሳ ቡና ስታፈላ እኔ ጋ ከወደብ ይደወላል። ደዋዮቹ ይለያያሉ፤ የሚፈልጉት ግን አንድ ነው፤ እኔ እንድወስን።

ኮንቴይነሩ በባቡር ይጫን ወይስ ተሳቢ ይፈለግለት? ሰነዱ ላይ የተጻፈው ክብደት ሚዛን ላይ ከወጣው አልገጠመም፤ ማረሚያው እስኪመጣ እንጠብቅ ወይስ ሌላውን ዕቃ እናስቀድም? ሾፌሩ ጋላፊ ላይ ሰልፉ ረዝሟል ይላል፤ ይታገሥ ወይስ በደወሌ በኩል ይዙር? ኢትዮጵያ በ1998 (በዚህ ጽሑፍ ሌላ ካልጠቀስኩ በቀር የፈረንጆቹን አቆጣጠር እከተላለሁ) ከኤርትራ ጋር ተዋግታ የአሰብ በር ከተዘጋባት ወዲህ የባሕር ንግዷ ሁሉ ማለት ይቻላል በዚህች ከተማ በኩል ነው የሚያልፈው። ኮንቴይነር ወደብ ውስጥ በነፃ የሚቆይባቸው ቀናት የተቆጠሩ ናቸው፤ ካለፉ ኪራዩ በየቀኑ በዶላር ይታሰባል። ስለዚህ እኔ «እስኪ ላስብበት» ባልኩ ቁጥር አንድ ቦታ አንድ ሰው ይከፍላል።

ከሥራ ወጥቼ የአምቡሊን ደረቅ ወንዝ ተሻግሬ ወደ ባልባላ፣ ከዚያም ወደ ሃያብለ ስደርስ ትልቁ ልጄ በር ላይ ይቀበለኛል። «እማዬ፣ ዛሬ ምን እንበላለን?» ይለኛል። ቀኑን ሙሉ ስለ ሰው ንብረት ስወስን የዋልኩት እኔ ሽሮ ይሁን ፓስታ ለማለት አፌ አይታዘዘኝም። እግሬ አልደከመም፤ ወንበር ላይ ነው የዋልኩት። እንቅልፌም አልመጣም። የደከመው ከሁለት ነገር አንዱን ማንሣት ነው።

የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ይህን የውሳኔ ድካም ይሉታል። ብዙ ውሳኔ በተከታታይ ያሳለፈ ሰው የሚቀጥለውን ለማሳለፍ አቅሙ ይቀንሳል ነው ነገሩ። ጉልበት ሲደክም ላብና ሕመም ስላለው ሰውየው ራሱም ያውቀዋል፣ ሌላውም ያይለታል። ይኸኛው ግን ምልክቱ ሌላ ስለሚመስል ድካም መሆኑ አይታወቅም። አንዳንዱ ሰው ነገሩን ሁሉ ለነገ ያስተላልፋል፤ ሰነፍ ይባላል። አንዳንዱ አጠገቡ ያገኘውን ይይዛል፤ ዋጋ ሳይጠይቅ ይገዛል፣ ሳያነብ ይፈርማል፤ ግድየለሽ ይባላል። አንዳንዱ ደግሞ ይቆጣል፤ ልጁ እርሳስ ጠየቀው ብሎ ይጮኽበታል፤ ክፉ ይባላል። ሦስቱንም በዚህ ሰፈር አይቻለሁ፣ ሦስቱንም ቤቴ ውስጥ አይቻለሁ። ሰነፍም፣ ግድየለሽም፣ ክፉም ያልሆኑ ሰዎች ናቸው።

በዚህ ጉዳይ ብዙ ጊዜ የሚነገረው የዳኞች ታሪክ ነው። በ2011 ሻይ ዳንዚገርና ሁለት ባልደረቦቹ የእስራኤል ዳኞች እስረኞች ላቀረቡት የአመክሮ ጥያቄ የሰጧቸውን 1,112 ውሳኔዎች አጥንተው አሳተሙ። ችሎቱ ሲጀመር ከመቶ ጠያቂዎች 65ቱ ገደማ ይፈቀድላቸው ነበር። የምግብ ሰዓት እየተቃረበ ሲሄድ ቁጥሩ እያሽቆለቆለ ወደ ዜሮ ይጠጋል። ዳኞቹ በልተው ሲመለሱ እንደገና 65 ገደማ ይሆናል። እስረኛን ባለበት ማቆየት ምንም ማሰብ አይጠይቅም፤ መፍታት ግን ኃላፊነት መውሰድ ነው። የደከመ ሰው ነገሩን እንዳለ ይተወዋል።

ይህን ሳነብ የራሴን ከሰዓት በኋላ ነው ያየሁት። ሆኖም ጥናቱ ወዲያው ተቃውሞ እንደገጠመው አንባቢ ማወቅ አለበት። በዚያው ዓመት ሌሎች ተመራማሪዎች የእስረኞቹ ተራ በዘፈቀደ የሚወጣ እንዳልሆነ፣ ጠበቃ የሌላቸው ብዙ ጊዜ ከዕረፍት በፊት መጨረሻ ላይ እንደሚቀርቡ አመለከቱ። ጠበቃ የሌለው ደግሞ ዳኛው ቢጠግብም ባይጠግብም የመፈታት ዕድሉ ያነሰ ነው። ድካሙ የለም ማለት አይደለም፤ ቁጥሩ ግን የዳኞቹን ድካም ብቻ አይለካም።

ከዚያ በፊት በ1998 ሮይ ባውማይስተር የተባለ አሜሪካዊ የተራቡ ተማሪዎችን ሰብስቦ ትኩስ የቸኮሌት ብስኩትና ራዲሽ የሚባለውን ሥራሥር ፊታቸው አስቀምጦ ነበር። ከፊሎቹ ብስኩቱን እያዩ ራዲሹን ብቻ እንዲበሉ ታዘዙ። ቀጥሎ ሁሉም መልስ የሌለው እንቆቅልሽ ተሰጣቸው። ብስኩት የበሉት 19 ደቂቃ ያህል ሲታገሉ፣ ራስን መግታት የተጫነባቸው በ8 ደቂቃ ገደማ ተስፋ ቆረጡ። ሰው ራሱን የሚገዛበት ኃይል ተጠቅመውበት የሚያልቅ ነገር ነው የሚለው ሐሳብ ከዚህ ተነሥቶ ዓለምን አዳረሰ። በ2016 ግን 23 ቤተ ሙከራዎች ከ2,000 በላይ ሰዎችን ይዘው ይኸንኑ ሐሳብ በሌላ ዘዴ ሲፈትኑት ውጤቱ ጠፋ ለማለት ጥቂት ቀረው።

እንግዲህ እኔ ጭንቅላታችን ውስጥ ነዳጅ አለ፣ ማታ ላይ ያልቃል የሚለውን አልቀበልም። የምቀበለው ጠበብ ያለውን ነው፤ ሰዓቱ እየገፋ ሲሄድ ሰው ወደሚቀለው ምርጫ ያዘነብላል። በ2014 የታተመ የአሜሪካ ክሊኒኮች ጥናት ሐኪሞች ለጉንፋንና ለመሳሰለው አንቲባዮቲክ የማዘዛቸው ነገር ተራቸው እየገፋ ሲሄድ እየጨመረ እንደሚሄድ አሳይቷል፤ መድኃኒቱ በማያስፈልግበትም ጊዜ ጭምር። «አያስፈልግህም» ብሎ ለታማሚ ከማስረዳት ወረቀት ጽፎ መስጠት ይቀላል። ማታ ላይ ልጄ ስልኬን ሲጠይቀኝ አንሥቼ የምሰጠው በዚሁ ምክንያት ነው።

ከሁሉም ይልቅ ልቤን የነካው ግን የሕንዶቹ ገበሬዎች ነገር ነው። በ2013 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ አናንዲ ማኒና ባልደረቦቿ በታሚል ናዱ 464 የሸንኮራ አገዳ ገበሬዎችን ከምርት በፊትና ከምርት በኋላ የአስተሳሰብ ፈተና እንደሰጧቸው ጽፈዋል። የሸንኮራ አገዳ ገንዘብ በዓመት አንዴ ነው የሚገባው። ያው ገበሬ፣ ያው ጭንቅላት፣ ያው ፈተና ሆኖ ሳለ ገንዘብ ባጠረበት ወቅት ውጤቱ ዝቅ አለ፤ ገንዘቡ ሲገባ ከፍ አለ። የተለወጠው ገበሬው አይደለም። ለያንዳንዱ ሳንቲም ይህን ልተው ወይስ ያን እያለ የሚያወጣው የሚያወርደው ነው።

ሃያብለን የሚያውቅ ይህን ሲሰማ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። ገንዘብ ያለው ሰው ዘይቱ ሲያልቅ ዘይት ይገዛል። ገንዘብ ያነሰው ሰው ዘይቱ ሲያልቅ ይወስናል፤ ትልቁን ልግዛና የልጁ ደብተር ይቆይ፣ ወይስ ትንሹን ልግዛና በሳምንቱ መጨረሻ እንደገና ልመለስ? ውኃ ዛሬ ካልመጣ ከቦቴ እንቅዳ ወይስ እስከ ነገ በጀሪካኑ እንብቃቃ? የሐሩሩ ወራት ሲገቡ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ከምሲን የሚባለው ትኩስ ነፋስ አሸዋ ይዞ ይነሣል። ያኔ እዚህ ክሊማ የምንለውን ማቀዝቀዣ የምንከፍትበት ሰዓት በየሌሊቱ ይመዘናል። የልጆቹ ክፍል ይከፈት? እስከ ስንት ሰዓት? የመብራቱ ሒሳብስ ስንት ይመጣል? ደሃ ሰው ውሳኔው መጥፎ ነው ይባላል። ደሃ ሰው ውሳኔው ብዙ ነው ቢባል ይበልጥ እውነት ነው።

በዚህ ላይ ለአገር ቤት የሚላከው አለ። የጅቡቲ ፍራንክ ከ1973 ጀምሮ ለአንድ ዶላር 177.721 ሆኖ የቆመ ነው፤ በዚህ በኩል የሚያስጨንቅ ሒሳብ የለም። በዚያ በኩል ግን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ፣ ከ57 ብር በላይ የነበረው ዶላር በአንድ ቀን 74 ብር ገደማ ገባ፤ በሳምንታት ውስጥ ደግሞ መቶ ብር ተሻገረ። ከዚያ በፊት ደመወዝ ስቀበል እልክ ነበር፤ አለቀ። ከዚያ በኋላ ግን ስልኬን ባነሣሁ ቁጥር «ዛሬ ልላክ ወይስ ነገ ይጨምራል?» የሚል ጥያቄ መጣ። ጓደኞቼም እንዲሁ ሆኑ። ጥቂት መቶ ብር ለማትረፍ ሙሉ ሳምንት የሚያሰላ ሰው ያተረፈውን በብር ይቆጥረዋል፤ የከፈለውን ግን የሚጽፍበት መዝገብ የለውም።

ሰው ከአገሩ ሲወጣ ቤተሰቡንና አየሩን ብቻ አይደለም የሚተወው። ሳያውቀው ይወስኑለት የነበሩትን ነገሮችም ይተዋል። ለእኔ የዚህ ሁሉ ነገር ሥሩ ይህ ነው።

እናቴ ድሬዳዋ ለገሃሬ ባለው ቤቷ ረቡዕና ዓርብ ምን እንደምትሠራ አስባ አታውቅም። ጾም ነው፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን ነው። በኦርቶዶክስ ሥርዓት የአንድ ምእመን የጾም ቀናት በዓመት ከ180 ይበልጣሉ። ጾም ለእግዚአብሔር ነው፤ ለወጥ ቤት ማቅለያ ተብሎ አልተሠራም፣ እንደዚያም ላሳንሰው አልፈልግም። ግን የዓመቱን ግማሽ ማዕድ አስቀድሞ የወሰነ ሥርዓት ሴቲቱን ከስንት ጥያቄ እንደገላገላት ከእናቴ ቤት ከወጣሁ በኋላ ነው ያየሁት። ሙስሊም ጎረቤቶቼ ረመዳን ሲገባ ፊታቸው የሚፈታው ለምን እንደሆነም በከፊል በዚህ ይገባኛል፤ የሚበላበት ሰዓት ታውቋል፣ የሚጸለይበት ታውቋል፣ ለማን እንደሚሰጥ ታውቋል።

ዕቁብም ይኸው ነው። ስንት ልቆጥብ፣ መቼ ልቆጥብ፣ ዛሬ ልተወው ይሆን የሚል ጥያቄ የለበትም። መጠኑ አንዴ ተወስኗል፤ ቀኑ ታውቋል፤ ዕጣ የወጣለት ይወስዳል። ባንክ ውስጥ በየወሩ ለመቆጠብ የሞከረ ሰው በየወሩ ከራሱ ጋር ይከራከራል፤ ዕቁብተኛ ግን አንድ ቀን ተከራክሮ ዓመቱን ሙሉ ይከፍላል።

ከሁሉም የሚበልጠው ዕድር ነው። አባቴ የሞተ ዕለት ድንኳኑ የት ይተከል ብሎ እናቴን የጠየቃት የለም። ወንበሩ መጣ፣ ድስቱ መጣ፣ ማን ንፍሮ እንደሚቀቅል፣ ማን ውኃ እንደሚያመላልስ፣ ማን ለቀስተኛ እንደሚያስቀምጥ ሁሉም ቦታውን ያውቃል። እናቴ ያላት ሥራ ማልቀስ ብቻ ነበር። ሰው ለመወሰን ፈጽሞ አቅም በሌለው ሰዓት ውሳኔውን ሁሉ ከእጁ የሚወስድለት ተቋም ነው ያቆምነው፤ አያቶቻችን ያደረጉልን ትልቅ ነገር ነው።

እዚህ ባልባላ አንድ የአገራችን ሰው ሲሞት ሚስቱ አጠገብ ነበርኩ። ገና እንባዋ ሳይደርቅ ጥያቄ ዘነበባት። እዚህ ይቀበር ወይስ አገር ቤት ይሂድ? ወረቀቱን ማን ይጨርስ? ለወላጆቹ አሁን ይነገር ወይስ ሲነጋ? የትኛው መኪና? በስንት? ሰዎቹ ደግ ናቸው፤ ገንዘብ አዋጥተዋል፣ ሌሊቱን አብረዋት አድረዋል። ጥያቄውን ግን ሁሉም ወደ እሷ ነበር የሚያመጡት፤ መብቷን ያከበሩላት መስሏቸው። በመጨረሻ አንድ አዛውንት ተነሥተው «ልጆች፣ ከአሁን በኋላ እሷን የሚጠይቅ የለም፤ እኔን ጠይቁ» አሉ። የዚያን ሌሊት ከተደረገላት ሁሉ የሚበልጠው ያ ነው።

የልጅ ትምህርትም እንደዚያው ነው። ድሬዳዋ ብሆን ልጄ እኔ የተማርኩበት ሰፈር ይማራል። እዚህ የመንግሥት ትምህርት በፈረንሳይኛ ነው። በፈረንሳይኛ ይቀጥል ወይስ አያቱ ጋ ሄዶ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይማር? ቤት ውስጥ አማርኛ፣ መንገድ ላይ ሶማሊኛ፣ ክፍል ውስጥ ፈረንሳይኛ የሚያወራ ልጅ አራተኛ ቋንቋ ይጨመርለት ወይስ ይረፍ? ይህ ሽሮና ፓስታ አይደለም፤ ዕድሜ ልኩን የሚከተለው ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ግን ማታ ላይ፣ ልብስ እያጠፍኩ፣ ኮንቴይነር ሲያስብ ከዋለ ጭንቅላት በተረፈው ነበር የማስበው። አብዛኞቻችን ለትልቁ ውሳኔ የምንሰጠው የቀኑን ትራፊ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ ለሚለኝ፣ ራሴ ከያዝኩት ልጀምር። ምግቡን ወሰንኩት። ለሳምንቱ ለያንዳንዱ ቀን አንድ ምግብ ተጽፎ ፍሪጁ ላይ ተለጥፏል፤ ረቡዕና ዓርብ ድሮም ተወስኗል። ልጁ ሲጠይቀኝ ወደ ወረቀቱ አመለክታለሁ፤ አሁን ጭራሽ አይጠይቀኝም። መጀመሪያ ሰልችቶት ነበር። ግን ልጆች ከተለያየ ምግብ ይልቅ የማትጮኽ እናት እንደሚሻላቸው አይቻለሁ። ባራክ ኦባማ ፕሬዚዳንት ሳሉ ግራጫና ሰማያዊ ሙሉ ልብስ ብቻ እንደሚለብሱ፣ ሌላ ብዙ ውሳኔ ስላለባቸው ስለሚበሉትና ስለሚለብሱት መወሰን እንደማይፈልጉ በ2012 ተናግረው ነበር። እኔ ሽሮዬን ያስተማረችኝ እናቴ ናት፤ ሐሳቡ ግን አንድ ነው።

ገንዘብ የምልክበት ቀን ደመወዝ በገባ በማግስቱ ሆነ። ምንዛሪው ቢወጣ ቢወርድ አላይም። አንዳንድ ወር እከስራለሁ፤ አንዳንድ ወር አተርፋለሁ። የሃያብለ ሴቶች ሆነን ትንሽ ዕቁብ ጀምረናል። በሰብሳቢያችን ቤት ቡና ስለሚፈላ መገናኛም ሆኖናል።

ሌላው «ይበቃል» ማለትን መማር ነው። በ1978 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ኸርበርት ሳይመን ሰው ከሁሉ የሚሻለውን መርጦ እንደማይኖር፣ አቅሙና ጊዜው ስለማይፈቅዱለት በቂ የሆነውን ሲያገኝ እንደሚያቆም ከዚያ ከብዙ ዓመት በፊት ጽፏል። ይህ ስንፍና አይደለም። ማራገቢያ ልገዛ ገበያ ስሄድ ሦስት ነገር ወስኜ እሄዳለሁ፤ ዋጋው ከዚህ አይበልጥ፣ ድምፁ ልጅ አይቀስቅስ፣ ዋስትና ይኑረው። ሦስቱን ያሟላ የመጀመሪያው ይገዛል። የጎረቤቴ በርካሽ እንደተገዛ ብሰማም ዋጋ አልጠይቅም።

ከሰዓት በኋላ ያለውንም እንደ ከተማዋ ልማድ አደረግሁት። ጅቡቲ በቀትር ትተኛለች፤ ሙቀቱ ሲብስ ሱቁ ይዘጋል፣ መንገዱ ይራቆታል፣ ከተማው ሲመሽ እንደገና ይነሣል። ከደጋ የመጣ ሰው መጀመሪያ ስንፍና ይመስለዋል። እኔ ከባድ ስልክ በጠዋት እጨርሳለሁ፤ በቀትር የመጣውን፣ ወደቡ ካላስገደደ በቀር፣ «አመሻሽ ላይ እመልስልሃለሁ» እላለሁ። አስመጪዎቹ ለምደውታል። አንድ ሁለቱ ተቆጥተው ሄደዋል፤ ይሂዱ።

ቤት ውስጥ ከባድ የነበረው የባለቤቴ ነገር ነው። ሾፌር ነው፤ መንገድ ላይ ነው የሚውል የሚያድረው። ሲመጣ ሊረዳኝ ይፈልጋል። «ምን ልርዳሽ?» ይላል። «ከሱቅ ምን ላምጣ?» ይላል። ፍቅር ነው፤ አውቃለሁ። ግን ምን እንደጎደለ፣ የቱ እንደሚቀድም፣ ስንት እንደሚገዛ አሰላስሎ የሚመልሰው ማን ነው? ብዙ ባሎች ይህን አንብበው ቅር እንዳይላቸው እፈልጋለሁ፤ ሥራን መካፈልና ውሳኔን መካፈል የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አሁን የውኃና የመብራት ነገር በሙሉ የሱ ነው። መንገድ ላይ ሆኖ፣ ጋላፊም ይሁን ሚሌ፣ ቦቴ የሚጠራው፣ ሒሳብ የሚከፍለው፣ ክሊማው እስከ ስንት ሰዓት እንደሚሠራ የሚወስነው እሱ ነው። እኔ ብሆን ኖሮ የማላደርገውን ሲያደርግ አላርመውም። ይህ ከምግቡ ወረቀት ይልቅ አስቸግሮኛል፤ ከምግቡ ወረቀት ይልቅም አሳርፎኛል።

ስለ ወጣቶቹ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ወደ ኦቦክ፣ ከኦቦክ በጀልባ ወደ የመን ለመሻገር የሚያልፉ የአገራችን ልጆች በዚህች ከተማ ዳርቻ ይታያሉ። ለቀናት በእግር መጥተዋል፤ በየእርምጃው ወስነዋል፤ ውኃውን አሁን ልጠጣ ወይስ ላቆይ፣ ከዚህ ቡድን ጋር ልሂድ ወይስ ከዚያ። ደላላው የመጨረሻውን ጥያቄ የሚያመጣላቸው ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው፤ ብዙ ጊዜም ማታ ነው፤ «አሁን ወስን፣ ጀልባው አይጠብቅም» ይላል። የመልሱ ጉዞም ያው ነው፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በመስከረም 2017 ዓ.ም. ከየመን 310 ሰዎች አሳፍረው ወደዚህ ያቀኑ ሁለት ጀልባዎች በጅቡቲ ጠረፍ አጠገብ በደረሰባቸው አደጋ ቢያንስ 45 ሰዎች ሞተዋል። ዘመዶቼ ደውለው «ልጁ ልሂድ ይላል፣ ምን ትያለሽ?» ሲሉኝ ሂድም አትሂድም ከማለቴ በፊት የምለው አለ፤ በዚያው ሌሊት መልስ አይስጥ። በልቶ፣ ተኝቶ፣ ጠዋት ከሚያምነው ሰው ጋር ይነጋገር። የሚያስቸኩል ሰው የሰውየውን ድካም አይቶ ነው የሚያስቸኩለው።

ይህ ሁሉ የማይመለከተውም አለ። ዕረፍት አግኝቶ፣ ጥያቄው ቀንሶለት፣ ከሁለት ሳምንት በላይ ቀኑን ሙሉ የሚከፋው፣ የሚወደው ነገር ሁሉ የጠፋበት፣ እንቅልፍና ምግብ የተበላሸበት፣ ወይም መኖር ምን ያደርጋል የሚል ሐሳብ የሚመላለስበት ሰው የውሳኔ ድካም አይደለም ያለበት። ያ ድባቴ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ማየት አለበት። መኖር ምን ያደርጋል የሚለው ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ሁለት ሳምንት አይጠበቅም፤ የዚያኑ ዕለት ነው። የምግብ ወረቀት ለዚያ አይሆንም። ደመወዙ ራሱ የማይበቃ ከሆነም በምንም ዘዴ አይበቃም፤ እንዲህ ያለውን ሰው «አደራጀው» ማለት ጭካኔ ነው።

እናቴ ስልክ ላይ ሁልጊዜ «እንደፈለግሽ አድርጊ፣ ልጄ» ነበር የምትለኝ። የጣሪያው ቆርቆሮ ይቀየር? እንደፈለግሽ። የእህቴ ልጅ የትኛው ኮሌጅ ይግባ? እንደፈለግሽ። ገንዘቡን የምልከው እኔ ስለሆንኩ አክብራኝ ነው። ባለፈው ክረምት ነገሩን ሁሉ አስረዳኋት፤ ዝም ብላ ሰማችኝ። በቀደም ስደውል የጣሪያው ነገር እንዴት ሆነ አልኳት።

«እኔና ወንድምሽ ጨርሰነዋል» አለችኝ። «አናጢው ሰኞ ይመጣል። ዋጋውን እነግርሻለሁ፤ ቆርቆሮው ምን ዓይነት ነው ብለሽ ግን እንዳትጠይቂኝ።»